የትሬድ ሎክ በምን ላይ ይቁም? በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ያሉ አማራጮች ንጽጽር

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው በድሬዳዋና በሐረር ለሱቅ፣ ለመጋዘን፣ ለመድኃኒት ቤትና ለክሊኒክ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለሚሠሩና፣ በየፕሮጀክቱ የሚደጋገመውን ትሬዶችን (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን) የማቀናጀት ሥራ በአንድ የራሳቸው ላይብረሪ ለመጠቅለል ለሚያስቡ ባለሙያዎች ነው። ሎክ የምንለው አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርገውን መቆለፊያ ነው። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ብዙ ደንበኛ መረጃው በራሱ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲቀመጥለት ስለሚፈልግ የዴስክቶፕ ፕሮግራም እዚህ ገና እንጀራ አለው።

ለምሳሌ ያህል ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ሽንኩርትና ድንች በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ መጋዘን አለ እንበል። ፕሮግራሙ አራት ትሬዶች አሉት፦ አንዱ ከሚዛኑ በሲሪያል ፖርት የሚመጣውን ክብደት ያነባል፣ ሁለተኛው ወደ ዳታቤዝ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ደረሰኝ ያትማል፣ አራተኛው ስክሪኑን ያስተናግዳል። ኮምፒውተሩ ያገለገለ ባለ ሁለት ኮር የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ሊሆን ይችላል፣ ቀጣዩ ደንበኛ ዘንድ ግን ዊንዶውስ 7 ይጠብቀናል። ከዚህ በታች የምሰጠው ፍርድ ሁሉ ይህን ዓይነት ማሽን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ በርካታ ኮር ላለው ሰርቨር የሚጻፍ ላይብረሪ ሌላ መለኪያ ይፈልጋል።

የራስን ላይብረሪ መሥራት የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ይገባል። የሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪ ከ2011 ጀምሮ ትሬድ፣ ሚውቴክስ (ዋናው የሎክ ዓይነት)፣ ኮንዲሽን ቫሪያብል (አንድ ሁኔታ እስኪሟላ ትሬድን የሚያስተኛ) እና አቶሚክ (ሌላ ትሬድ መሃል ሳይገባበት የሚለወጥ ቁጥር) ይዞ የሚመጣ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው መጋዘን በእነዚህ ብቻ ያለ ምንም ችግር ሊሠራ ይችላል። ከዚህ ወርዶ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መጠጋት ትርጉም የሚኖረው በሦስቱም ሲስተሞች ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ ያለው ሎክ ሲፈለግ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሎክ ሲኖራቸው፣ ወይም ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች አንድ ሜሞሪ ሲጋሩ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፦ በ2020 እትም የተጨመረው በአቶሚክ ዋጋ ላይ የመጠበቅ አገልግሎት የጊዜ ገደብ አይቀበልም፤ «ሁለት ሰከንድ ጠብቅ፣ ሚዛኑ ካልመለሰ ለተጠቃሚው ንገር» ማለት የፈለገ ሰው ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት።

ፍጥነት ብቻውን ለምን አያስመርጥም

በየቦታው የሚታዩት የሎክ ፍጥነት ማወዳደሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት ሽሚያ የሌለበትን ሁኔታ ነው። አንድ ትሬድ ማንም ያልያዘውን ሎክ ሲይዝ ጥሩ ሎክ ሁሉ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲትን ቁጥር በአቶሚክ ትእዛዝ ይለውጣል። ይህም በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ሃያ ገደማ የፕሮሰሰሩ ምት (ሳይክል) ይፈጃል። በዚህ መለኪያ በጥሩ ሎኮች መካከል የሚኖረው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ልዩነቱ የሚመጣው ሎኩ ተይዞ ሲገኝ ነው። የመጣው ትሬድ መጠበቅ አለበት፤ መጠበቅ ማለት ደግሞ ኮሩን ይዞ መዞር ወይም ለከርነሉ (ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አስረክቦ መተኛት ነው። ስለዚህ አማራጮችን ስናነጻጽር መያዝ ያለብን ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው፦ ጠባቂው ትሬድ የት ይተኛል፣ ማንስ ይቀሰቅሰዋል? ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሄድ ነው።

የከርነል ዕቃዎች

በዊንዶውስ ላይ ሚውቴክስ፣ ኢቨንት (አንድ ነገር መድረሱን ለጠባቂዎች የሚያሳውቅ ምልክት) እና ሴማፎር (የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ትሬዶች ብቻ የሚያሳልፍ ቆጣሪ) የሚባሉት የከርነል ዕቃዎች ጥንታዊዎቹ አማራጮች ናቸው። ሎኩ የሚኖረው ከርነሉ ውስጥ ነው፤ በመሆኑም ማንም ባልያዘው ጊዜ እንኳ ለመያዝም ሆነ ለመልቀቅ ሲስተም ኮል (ወደ ከርነሉ የሚደረግ ጥሪ) ያስፈልጋል። ይህ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ለሚያዝ ሎክ ከባድ ወጪ ነው።

በልዋጩ የሚያስገኙት ጥቅም ቀላል አይደለም። በስም ስለሚታወቁ ሁለት ፕሮግራሞች ሊጋሯቸው ይችላሉ። ሚውቴክስ የያዘው ፕሮግራም ሳይለቅ ቢሞት ቀጣዩ ጠባቂ ሎኩን «የተተወ» ከሚል ምልክት ጋር ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ በሎኩ ይጠበቅ የነበረው መረጃ ተበላሽቶ እንደሆነ የመመርመር ኃላፊነት የእሱ ነው። በተጨማሪም አንድ ትሬድ በአንድ ጥሪ እስከ 64 የሚደርሱ ዕቃዎችን በአንድነት መጠበቅ ይችላል፤ ይህንን በሌሎቹ መንገዶች መሥራት አድካሚ ነው። በሊኑክስ ላይ የዚህ አቻ የሆነው በፕሮሰሶች (በመሄድ ላይ ባሉ ፕሮግራሞች) መካከል የሚጋራው «ሮበስት» የተባለው የፒትሬድ (የሊኑክስና የማክ መደበኛ የትሬድ ላይብረሪ) ሚውቴክስ ሲሆን፣ እሱም ባለቤቱ መሞቱን ለቀጣዩ ትሬድ በስህተት ቁጥር ያሳውቃል።

የደረሰኝ ማተሚያውን ሁለት ፕሮግራሞች የሚጋሩት ከሆነ እዚህ ላይ ማቅማማት አያስፈልግም፤ የከርነል ሚውቴክስ ይወሰድ። ማተሚያው ራሱ በሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ስለሚወስድ የሲስተም ኮሉ ወጪ ፈጽሞ አይታይም። ብዙ ሰው ለዚሁ ሥራ ዲስክ ላይ አንድ ባዶ ፋይል ፈጥሮ «ፋይሉ ካለ ሎኩ ተይዟል» የሚል ዘዴ ይጠቀማል። መብራት በሄደ ጊዜ ሜሞሪ ላይ ያለ ሎክ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ ያ ፋይል ግን ይቀራል፤ በማግስቱ ፕሮግራሙ አልከፍትም ይላል፣ ባለ ሱቁም ይደውላል። ፋይል መጠቀም ግድ ከሆነ ፋይሉ ላይ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚጣለውን ሎክ መጠቀም ይገባል፤ እሱን ሲስተሙ ራሱ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ይለቀዋል።

ዝግጁ የሆኑት የፕሮሰስ ውስጥ ሎኮች

ቀጣዮቹ አማራጮች መጀመሪያ በአቶሚክ ትእዛዝ የሚሞክሩና ሲያቅታቸው ብቻ ወደ ከርነሉ የሚሄዱ ናቸው። በዊንዶውስ ክሪቲካል ሴክሽንና ከቪስታ ጀምሮ የመጣው ኤስአርደብሊው ሎክ፣ በሊኑክስ የፒትሬድ ሚውቴክስ፣ በማክ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ያለው አንፌር ሎክ እዚህ ይመደባሉ።

መጠናቸው በጣም ይለያያል። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ክሪቲካል ሴክሽን 40 ባይት ሲይዝ ኤስአርደብሊው ሎክ 8 ባይት ብቻ ይበቃዋል። የፒትሬድ ሚውቴክስ በ64 ቢት የኢንቴል ሊኑክስ ላይ 40 ባይት፣ በማክ ላይ 64 ባይት ነው፤ የማኩ አንፌር ሎክ ግን 4 ባይት ነው። አንድ ሎክ ብቻ ላለው ፕሮግራም ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ የዕቃ መዝገብ የራሱ ሎክ በሚኖረው ጊዜ ግን ልዩነቱ ካሹን (የፕሮሰሰሩን ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ያጣብባል።

ከመጠናቸው ይልቅ ሊታይ የሚገባው ጠባያቸው ነው። ክሪቲካል ሴክሽን ሎኩን የያዘው ያው ትሬድ ደግሞ እንዲይዘው ይፈቅዳል፤ ኤስአርደብሊው ሎክ አይፈቅድም፣ እንዲህ የሞከረ ትሬድ ራሱን ሲጠብቅ ይኖራል። ከክሪቲካል ሴክሽን ወደ ኤስአርደብሊው የሚዛወር አሮጌ ኮድ በብዛት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። የማኩ አንፌር ሎክ ደግሞ ባለቤቱ ያልሆነ ትሬድ ሊለቀው ቢሞክር ፕሮግራሙን እዚያው ያስቆመዋል። ይህ ጭካኔ ቢመስልም ጥሩ ምክንያት አለው፦ ሎኩ ባለቤቱን ስለሚያውቅ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ትሬድ ሲጠብቅ ሲስተሙ ለባለቤቱ ያንን ቅድሚያ ያበድረዋል። ከእሱ በፊት የነበረው ስፒን ሎክ (ጠባቂው ሳይተኛ በሉፕ እየጠየቀ የሚጠብቅበት) ይህንን ማድረግ ባለመቻሉ፣ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ትሬድ ሎኩን ይዞ ኮር ሲነፈግ ከፍተኛው በከንቱ ይዞር ነበር፤ ከአገልግሎት እንዲወጣ የተወሰነውም ለዚሁ ነው።

ስለ ተራ አጠባበቅም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ብዙ ሰው ሎክ በመጡበት ቅደም ተከተል ቢሰጥ ፍትሐዊ ነው ብሎ ያስባል። ሆኖም ተራው የደረሰው ትሬድ ተኝቶ ከሆነ ነቅቶ ኮር እስኪያገኝ ድረስ ሎኩ ማንም ሳይጠቀምበት ይቆያል፣ ከኋላው ያሉትም አብረው ይቆማሉ፤ ባጃጅ ተራ ላይ የፊተኛው ሹፌር እንቅልፍ ወስዶት ተራ አስከባሪው ማንንም አላሳልፍ ሲል እንደሚሆነው ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ክሪቲካል ሴክሽንን ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የመጀመሪያው ሰርቪስ ፓክ ጀምሮ ከጥብቅ ተራ ያላቀቀው ይኸው ጣጣ ስለሚታወቅ ነው። በራሳችን ላይብረሪ ውስጥም ጥብቅ ተራን መነሻ ምርጫ ማድረግ አልመክርም።

በአድራሻ ላይ መጠበቅ

ላይብረሪ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው መሠረት ይህ ነው፤ ስለዚህም እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በሊኑክስ ፉቴክስ ይባላል፤ በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከርነል 2.6 ጀምሮ በይፋዊው እትም ውስጥ አለ። በዊንዶውስ ዌይት ኦን አድሬስ የሚባለው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ መጥቷል። አፕል ተመሳሳዩን አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ለራሱ ላይብረሪዎች ብቻ ይዞ ቆይቶ ለሁሉም ክፍት ያደረገው በማክ ኦኤስ 14.4 ነው። የሦስቱም ሐሳብ አንድ ነው፦ ሎኩ በፕሮግራሙ ሜሞሪ ውስጥ ያለ ተራ ቁጥር ይሆናል፣ ከርነሉ ስለ ሎኩ የሚያውቀው ነገር አይኖርም፣ ትሬድ መተኛት ሲፈልግ ብቻ «በዚህ አድራሻ ላይ ያለው ቁጥር ይህ ከሆነ አስተኛኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ «በዚህ አድራሻ ላይ ከተኙት አንዱን ቀስቅስ» ይላል።

ያቺ «ከሆነ» የምትለዋ ቅድመ ሁኔታ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። የሚዛኑ ትሬድ ሎኩ መያዙን አይቶ ሊተኛ ሲል፣ ገና ሳይተኛ፣ የዳታቤዙ ትሬድ ሎኩን ለቆ ቢቀሰቅስ ቅስቀሳው የሚቀሰቅሰው ሰው ሳያገኝ ያልፋል፤ የሚዛኑ ትሬድ ከዚያ በኋላ ይተኛል፣ ማንም አይቀሰቅሰውም። ከርነሉ ቁጥሩን የሚያነጻጽረው የጠባቂዎቹን መዝገብ በራሱ ሎክ ይዞ ስለሆነ ይህ ክፍተት ይዘጋል፦ ቁጥሩ ተለውጦ ከተገኘ ጥሪው ሳያስተኛ ወዲያው ይመለሳል።

በዚህ ላይ የሚሠራ ሎክ ሦስት ሁኔታዎች ይበቁታል፦ ዜሮ ሎኩ ነፃ ነው፣ አንድ ተይዟል ጠባቂ ግን የለም፣ ሁለት ተይዟል ጠባቂም ሊኖር ይችላል። የሚይዘው ትሬድ ዜሮን ወደ አንድ ለመለወጥ ይሞክራል፤ ከተሳካለት ጨርሷል፣ ከርነሉም ምንም አላወቀም። ካልተሳካለት ቁጥሩን በሁለት ይተካና የቀድሞውን ዋጋ ያያል፤ ዜሮ ሆኖ ከተገኘ ሎኩ የእሱ ሆኗል፣ ካልሆነም «ቁጥሩ ሁለት ከሆነ አስተኛኝ» ይላል፣ ሲነቃም እንደገና በሁለት ከመተካት ይጀምራል። የሚለቀው ትሬድ ቁጥሩን በዜሮ ይተካል፤ የቀድሞው ዋጋ ሁለት ከነበረ ብቻ አንድ ጠባቂ ይቀሰቅሳል። የነቃው ትሬድ አንድን ሳይሆን ሁለትን የሚጽፈው ከኋላው ሌላ የተኛ መኖር አለመኖሩን ስለማያውቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ፕሮግራሙ በሁለት ትሬድ ያለ እንከን ይሠራል፣ ሦስተኛው ሲጨመር ግን አልፎ አልፎ ይቆማል፤ እንዲህ ያለው ስህተት በደንበኛ ማሽን ላይ እንጂ በራስ ጠረጴዛ ላይ እምብዛም አይገለጥም።

ሦስቱ ሲስተሞች ግን በዝርዝሩ አይገጥሙም፤ በአንድ ስም ከመጠቅለላችን በፊት ልዩነታቸው መታወቅ አለበት። ፉቴክስ የሚሠራው በ4 ባይት ቁጥር ላይ ብቻ ነው፤ የዊንዶውሱ 1፣ 2፣ 4 ወይም 8 ባይት ይቀበላል፤ የማኩ 4 ወይም 8። ስለዚህ ላይብረሪው በሁሉም ላይ 4 ባይት ይጠቀም። ፉቴክስ በተጋራ ሜሞሪ አማካይነት በፕሮሰሶች መካከል ይሠራል፣ ዌይት ኦን አድሬስ ግን ከአንድ ፕሮሰስ አይወጣም። በሊኑክስ ላይ ሎኩ ለአንድ ፕሮሰስ ብቻ ከሆነ «ፕራይቬት» የሚለውን ምልክት መጨመር ከርነሉ አድራሻውን ለመፈለግ የሚያወጣውን ድካም ይቀንሳል። በተጨማሪም ጥሪው ያለ በቂ ምክንያት ሊመለስ እንደሚችል ታሳቢ ተደርጎ ሁልጊዜ በሉፕ ውስጥ መጻፍ አለበት። ምክንያቱም አድራሻ ለከርነሉ መለያ እንጂ ዕቃ አይደለም፤ ሎኩን የለቀቀው ትሬድ ዜሮ ከጻፈ በኋላ ገና ሳይቀሰቅስ ሌላው ይዞ፣ ጨርሶ፣ ሜሞሪውን አስመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ዘግይቶ የመጣው ቅስቀሳ በዚያው አድራሻ ላይ አዲስ የተፈጠረን ሌላ ሎክ የሚጠብቅ ትሬድ ያነቃል።

በዚህ መንገድ የሚሠራው ሎክ 4 ባይት ነው፣ ማስጀመሪያም ማፍረሻም አይፈልግም፣ በዚያው ዘዴ ሴማፎር፣ ኢቨንትና ኮንዲሽን ቫሪያብል መገንባት ይቻላል። የረስት ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ በ2022 በሊኑክስ ላይ ከፒትሬድ ወደ ፉቴክስ የዞረው ይህን ጥቅም ፍለጋ ነው።

ኮሩን ይዞ መዞር

ሎኩ እስኪለቀቅ በሉፕ መጠየቅ፣ ስፒን የሚባለው፣ በወረቀት ላይ ማራኪ ነው፤ አስተኝቶ መቀስቀስ በማይክሮ ሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ሲፈጅ ስፒን ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ሊያገኘው ይችላል። ይህ እውነት የሚሆነው ሎኩን የያዘው ትሬድ በዚያች ቅጽበት በሌላ ኮር ላይ እየሠራ ከሆነ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ኮር ማሽን ላይ፣ አንቲቫይረሱ አንዱን ኮር ይዞ በሚፈትሽበት ሰዓት፣ ሎኩን የያዘው ትሬድ ከኮር ወርዶ የሚዞረው ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከርነሉ ያ ትሬድ እየጠበቀ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ሥራ እየሠራ መስሎት የተመደበለትን ጊዜ እስኪጨርስ ይተወዋል።

ያልታሰበ ሌላ ችግርም አለ። በሉፑ ውስጥ የሚገባው ፖዝ የተባለው የኢንቴል ትእዛዝ በቀደሙት ትውልዶች አሥር ገደማ ምት ይወስድ የነበረ ሲሆን በ2015 በወጣው ስካይሌክ ወደ 140 ምት አድጓል። ገበያ ላይ ያገለገሉ ማሽኖች ሁለቱንም ትውልድ ስለሚይዙ፣ በአሮጌው ላይ ተለክቶ «ሁለት ሺህ ጊዜ ዙር» ተብሎ የተጻፈ ኮድ በአዲሱ ላይ ከአሥር እጥፍ በላይ ይቆያል። ስፒን ማድረግ ግድ ከሆነ በጣም ጥቂት ዙር፣ ለምሳሌ ከመቶ የማይበልጥ፣ ተሞክሮ ወዲያው ወደ መተኛት መሻገር አለበት፤ ኮሩ አንድ ብቻ ከሆነም ጨርሶ መዝለል ይገባል። መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ወይም በዩፒኤስ የሚሠራ ደንበኛ ባለበት፣ በግንቦት የድሬዳዋ ሙቀት፣ ያለ ሥራ የሚዞር ኮር ባትሪም ይበላል፣ ማሽኑም እንዲሞቅ ያደርጋል፤ የሞቀ ፕሮሰሰር ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

ሎክ አልባ አሠራር

ሎክ አልባ (ያለ ሎክ፣ በአቶሚክ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ) ስታክ (ኋላ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት ክምር) እና ኪው (ወረፋ) መጻፍ የብዙ ወጣት ባለሙያ ምኞት ነው፤ እኔ ግን ለዴስክቶፕ ፕሮግራም ከአንድ ሁኔታ በቀር አልመክረውም። ምክንያቱን በቅርብ እንየው። ስታኩ ላይ ሀ አለ፣ ከሥሩ ለ አለ። አንደኛው ትሬድ ሀን ሊያነሳ ፈልጎ «ከላይ ያለው ሀ ነው፣ ቀጣዩ ለ ነው» ብሎ አነበበና ከኮር ወረደ። በዚህ መካከል ሁለተኛው ትሬድ «ሀ»ን አነሳ፣ «ለ»ን አነሳ፣ የ«ለ»ን ሜሞሪ ለሲስተሙ መለሰ፣ «ሀ»ን ግን መልሶ አስቀመጠ። አንደኛው ሲመለስ ከላይ ያለው አሁንም ሀ መሆኑን ያይና የአቶሚክ ለውጡ ይሳካለታል፤ የስታኩ አናትም ወደ ተመለሰው ሜሞሪ፣ ወደ ለ፣ ይጠቁማል። መፍትሔዎቹ ይታወቃሉ፦ ከጠቋሚው ጎን ቆጣሪ አድርጎ 16 ባይቱን በአንድነት መለወጥ፣ ተመራማሪው ማጌድ ማይክል በ2004 በዝርዝር ያሳተሙት ሃዛርድ ፖይንተር (ትሬድ የሚያነበውን አድራሻ አስታውቆ ሌላው ሜሞሪውን እንዳይመልስ የሚያደርግበት)፣ ወይም በዘመን መከፋፈል (ቀድመው የገቡት ትሬዶች ሁሉ እስኪወጡ ሜሞሪውን ሳይመልሱ ማቆየት)። እያንዳንዳቸው ግን ከሎኩ የበለጠ ኮድና የበለጠ ፈተና ይጠይቃሉ።

የምቀበለው አንዱ ሁኔታ አንድ ጸሐፊና አንድ አንባቢ ብቻ ያሉት ክብ መያዣ ነው። የሚዛኑ ትሬድ ይጽፋል፣ የዳታቤዙ ትሬድ ያነባል፤ ጸሐፊው የራሱን ቆጣሪ ብቻ፣ አንባቢውም የራሱን ብቻ ስለሚለውጡ ከላይ የተገለጸው ችግር አይደርስም። ሁለቱ ቆጣሪዎች በተለያየ የካሽ መስመር (ካሹ በአንድ ጊዜ የሚያመጣው የሜሞሪ ቁራሽ) ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ የኢንቴል መስመር 64 ባይት፣ የአፕል ኤም ተከታታይ ፕሮሰሰሮች መስመር 128 ባይት በመሆኑ በ128 ማራራቅ ለሁለቱም ይበቃል። እውነቱን ለመናገር ሚዛን በሰከንድ ጥቂት ንባብ ብቻ ስለሚልክ ተራ ሎክም በደንብ ይበቃዋል። የሚዛን ትሬድ ሲዘገይ ካየን መጀመሪያ የሚፈተሸው የዳታቤዙ ትሬድ ሎኩን ይዞ ዲስክ ላይ እየጻፈ እንዳይሆን ነው።

ዝግጁ የሥራ ወረፋዎች፣ በማክ ከ2009 ጀምሮ ያለው ግራንድ ሴንትራል ዲስፓችና የዊንዶውስ ትሬድ ፑል፣ ከዚህ ንጽጽር ጎን የሚቆሙ ናቸው፤ በላይብረሪያችን ላይ የሚሠራ ሰው ሊጠቀምባቸው ይችላል፣ ለሎክ መሠረት ግን አይሆኑም።

ቅደም ተከተልና ሰዓት

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ሁለት ጉዳዮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው የሜሞሪ ቅደም ተከተል ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ወደ ሜሞሪ የተጻፉትን ለሌሎች ኮሮች የሚያሳዩት በተጻፉበት ቅደም ተከተል ስለሆነ «አኳየር» (ከእኔ በኋላ ያለው አይቅደመኝ) እና «ሪሊዝ» (ከእኔ በፊት ያለው አይዘግይብኝ) የተባሉት ምልክቶች ቢረሱም ኮዱ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የአርም ፕሮሰሰሮች ግን ይህንን ቃል አይገቡም። በአሮጌ ኢንቴል ዴስክቶፕ ላይ የተፈተነ ላይብረሪ ኤም 1 ማክ ላይ ሲሄድ ክብደቱ ሳይጻፍ «ዝግጁ ነው» የሚለው ምልክት ሊታየው ይችላል። ሎክ ሲያዝ አኳየር፣ ሲለቀቅ ሪሊዝ መሆኑን ማረጋገጥ አነስተኛው ግዴታ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ገደብ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ማሽኖች ልዩ ፈተና ያመጣሉ። ያገለገለ ዴስክቶፕ የማዘርቦርድ ባትሪው ደክሞ ከሆነ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል፤ ኢንተርኔት ሲገኝ ወይም ባለቤቱ ሲያስተካክለው ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይዘላል። በሊኑክስ ላይ የፒትሬድ ኮንዲሽን ቫሪያብል ካልተነገረው በቀር የሚጠቀመው ይህንኑ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ወደ ፊት ሲዘል «ሁለት ሰከንድ» የተባለው ወዲያው ያልቃል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ጥበቃው ማብቂያ ያጣል። የፉቴክስ ተራ ጥበቃ የሚቆጥረው በሰዓት ማስተካከያ የማይነካውን ሞኖቶኒክ ሰዓት በመሆኑ ከዚህ ያድነናል። በፒትሬድ ለሚቆይ ሰው ኮንዲሽን ቫሪያብሉ ሲፈጠር ሞኖቶኒክ ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል፤ ማክ ይህን ማዘዣ ስለማያውቀው በምትኩ የቆይታ ርዝመት የሚቀበለው የራሱ ጥሪ አለ። በዊንዶውስ በኩል ገደቡ በሚሊ ሰከንድ ርዝመት ስለሚሰጥ ይህ ጣጣ የለም፤ ሆኖም የሲስተሙ የሰዓት ምት እንደ ልማዱ 15.6 ሚሊ ሰከንድ በመሆኑ አንድ ሚሊ ሰከንድ ብሎ መጠየቅ አንድ ሚሊ ሰከንድ ያስገኛል ማለት አይደለም።

ምርጫውና ፍተሻው

ለሊኑክስ ፉቴክስ፣ ለዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በላይ ዌይት ኦን አድሬስ፣ ለማክ ኦኤስ 14.4 እና ከዚያ በላይ የራሱ በአድራሻ ላይ የመጠበቅ አገልግሎት፣ ከዚያ ለቆየ ማክ ደግሞ የፒትሬድ ሚውቴክስ ከፒትሬድ ኮንዲሽን ቫሪያብል ጋር፣ ይህ የእኔ ምርጫ ነው። ላይብረሪው ለውስጡ «ቁጥሩ ይህ ከሆነ ጠብቅ»፣ «አንዱን ቀስቅስ» እና «ሁሉንም ቀስቅስ» የሚሉ ሦስት ጥሪዎች ብቻ ይኑሩት፤ ሎክ፣ ሴማፎርና ኢቨንት ሁሉ ከእነዚህ በላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉ። በፕሮሰሶች መካከል የሚጋራው ሎክ ለብቻው በሌላ ስም ይቀመጥ እንጂ ከዚህ ጋር አይቀላቀል።

ፍተሻው መጀመር ያለበት ከሊኑክስ ነው፤ ትሬድ ሳኒታይዘር የተባለው በክላንግና በጂሲሲ ኮምፓይለሮች ውስጥ ያለው መመርመሪያ በዊንዶውስ ላይ ስለማይሠራ፣ ዋናው ደንበኛ ዊንዶውስ ቢሆንም የላይብረሪው ኮድ ሊኑክስ ላይ መገንባት መቻል አለበት። ከዚያም ከኮሮቹ ብዛት በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ትሬዶች በአንድ ሎክ ላይ እየተሻሙ ሌሊቱን ሙሉ ይሂዱ፤ ሦስት ሆነው ብቻ የሚታዩት ስህተቶች የሚወጡት እንዲህ ነው።

ዊንዶውስ 7 ያለው ደንበኛ ሲመጣ ሦስቱን ጥሪዎች በኤስአርደብሊው ሎክና በዊንዶውሱ ኮንዲሽን ቫሪያብል ማስመሰል ይቻላል፤ ሁለቱም ከቪስታ ጀምሮ ስላሉ። 256 ያህል ክፍሎች ያሉት ሠንጠረዥ ይዘጋጅ፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሎክና አንድ ኮንዲሽን ቫሪያብል ይኑረው፣ አድራሻውም በሃሽ (አድራሻን ወደ ክፍል ቁጥር በሚቀይር ስሌት) ወደ አንዱ ክፍል ይመራ። የሚጠብቀው የክፍሉን ሎክ ይዞ ቁጥሩን ካነጻጸረ በኋላ ይተኛል፤ የሚቀሰቅሰውም ያንኑ ሎክ ይዞ ለቆ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ሁሉንም መቀስቀስ የሚያስፈልገው ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች አንድ ክፍል ላይ ሊወድቁ ስለሚችሉና አንዱን ብቻ መቀስቀስ የማይመለከተውን ትሬድ አንቅቶ የሚመለከተውን ተኝቶ ሊያስቀር ስለሚችል ነው። ያለ ጉዳዩ የነቃው ትሬድ ቁጥሩን አይቶ ተመልሶ ይተኛል፤ ጥሪውን በሉፕ ውስጥ ጽፈነው ከሆነ ከላይ ያለው ኮድ ዊንዶውስ 7 ላይ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ይሠራል።